ሙሉ አፅም ሲገኝ
አጎቴን አያ ረዳን ደፋር ነበሩ የሚለኝ ሰው ያናድደኛል፤ ራሳቸው «ፈሪ ነኝ» ይሉ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ድንጋይ የሆነ መንጋጋ አገኙ። አጥንት የሚመረምር ጣሊያን መጥቶ «ዘሩ የጠፋ የጥንት አዞ ነው» አለ።

በዓመቱ እዚያው ሁለት ሙሉ አፅሞች ወጡ። ጣሊያኑ እግራቸውን ለካና በአስተርጓሚ ተናገረ፦ «ተሳስቻለሁ። ይህ አዞ አይደለም፤ እግሩ ረጅም ነው፣ በየብስ የሚሮጥ ሌላ ዘር ነው። መንጋጋው ብቻውን አሳሳተኝ፤ ሙሉ አፅም ግን አይዋሽም። ከእንግዲህ በየመንደሩ እንቆፍራለን።»

አያ ረዳ ተንቀጠቀጡ። አስተርጓሚው «ምነው?» ቢላቸው «በረደኝ» አሉ፤ በዚያ በዓባይ በረሃ!

ከዚያ ቀደም ከብታቸውን ሊነዳ የመጣ የጣሊያን ወታደር ገድለው ከአውድማቸው ጀርባ ቀብረዋል። አለቆቹ ጅብ በላው ብለው ትተውታል። አያ ረዳ ግን የክርስቲያን ሬሳ ሜዳ ላይ መጣል አልሆነላቸውም፤ ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርገው፣ እጆቹን በደረቱ ላይ አመሳቅለው አስተኝተውታል።

ጅብ እንዲህ አድርጎ አያስተኛም።