ቆሽት ሲያር

መጀመሪያ ያመመው ከእምብርቱ በላይ ነው። ማንኩሳ ከተማ፣ የቡድን ጓደኛው ሠርግ ላይ ነበርን። ባለቤቴ ይሄነው ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። "ጀርባዬ ድረስ ወጋኝ" አለኝ። አስመለሰው። ደጋግሞ አስመለሰው።

ይሄነው የኳስ ክለብ ተከላካይ ነው። ጓደኞቹ "ጋኑ" ይሉታል። ቡሬ ላይ ያሸነፉ ለት አንድ እንስራ ጠላ ጨርሶ፣ በማግስቱ ልምምድ ላይ ሁሉን ቀድሞ ሮጠ ይባላል። ወሬው እያደገ ሄዶ እንስራው ሁለት ሆኗል፤ አረቄም ተጨምሮበታል። እኔም ስሰማ እስቅ ነበር።

ሠርገኛው "ይተኛ፣ ነገ ይሮጣል" አለ። የይሄነውን ፊት አየሁት። አመድ መስሏል። በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ወስደን ሆስፒታል አስገባነው።

ደሙ ተመረመረ። አልትራሳውንድ ተነሳ።

"አኪዩት ፓንክሪያታይተስ ነው" አለችን ሐኪሟ። "ቆሽትህ ተቆጥቷል። ያስቆጣው መጠጥ ነው።"

"ቆሽቴ አረረ የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል?" አለ፣ በዚያ ስቃይ ላይ ሆኖ።

አልሳቀችም። "ለጊዜው ውሃም አትቀምስም።"

ግሉኮስ ተሰቀለ። ትንፋሹ አጠረ። ኦክስጅን አደረጉለት። እጁ ተንቀጠቀጠ። በየቀኑ የለመዱት መጠጥ ድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው ብላ ለሱም መድኃኒት ሰጠችው። እግሩን ይዤ ቆምኩ። መጸለይ እንኳ ጠፋኝ።

ሕመሙ ጋብ ሲልለት ቅቤ የሌለው አጥሚት አቀመስኩት፤ የሠርግ ወጥ እንደሚያወድስ ሰው አሞገሰልኝ፣ ያኔ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። የነፍስ አባታችን ሊጠይቁት ሲመጡ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አባ፣ ካልጠጣሁ ጓደኞቼ ምን ያደርጉኛል? ባዶ ጋን ምን ይረባል አይሉኝም?"

"ጋን በጠጠር ይደገፋል፣ ልጄ። እኛ ጠጠር እንሁንህ፤ አንተ ተደገፍብን" አሉት።

ወራት አልፈው ሐኪሟ የደሙን ስኳር ለክታ ልምምድ ስትፈቅድለት፣ እንደ ልጅ እየዘለለ ወደ ሜዳ ሄደ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፈው ጓደኞቹ ወደ ቤታችን ሲጎርፉ ለእንግዶቹ ጠላ፣ ለሱ ማር በጥብጬ ብርዝ አቀረብኩ። አምበላቸው ብርዙን አየ፣ ጠላውን አየ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ወደኔ ዘረጋ።

"እቱ፣ እኛንስ ምነው ነሳሽን? ከሱ ቅጂልን።"

ሁሉም ብርዝ አስቀዱ፤ ማሬ አለቀ፣ እስክስታው ግን እስኪመሽ አላለቀም።

ለሐኪሟም፣ ለአባም፣ ለነዚያ ልጆችም እግዜር ይስጥልኝ። ከሆድ ተነስቶ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ከማያቆም ትውከት ጋር ካያችሁ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲያቆምም ሐኪም ይወቅለት። ጓደኞቹ የሆናችሁ ደግሞ፣ ብርዙን ብቻውን አታስጠጡት።