በሩ ይከፈትልኝ

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ከግድግዳው ስንጥቅ የገብስ ገለባ እየረገፈ አንገት ውስጥ ይገባል፤ ያሳክካል። ለምን እንደያዙኝ የነገረኝ የለም። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና ማስረዳት ልማዴ ነው፤ እዚያም ለእስረኞቹ ስለ አዲሱ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ማስረዳት ጀመርሁ።

«ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። የሚዘጋ ከሆነ ዳኛው ምክንያቱን ይናገራል። ፍርዱም በግልጽ ይነበባል።»

«መምህር፣ ሕጉ ደጅ ነው፤ እኛ ውስጥ ነን!» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ክፍሉ ሳቀ።

ከጉና የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን አልሳቁም። የተያዙት ታጣቂ አብልተዋል ተብለው ነው።

«እንዲያ ከሆነ ባለቤቴ ገብታ ትሰማኛለች?» አሉኝ። «ጎረቤቱን ለመንግሥት ጠቁሟል እያሉ አገሬው ያሙኛል አሉ። ከኔው አፍ ብትሰማ ነበር።»

«ትሰማዎታለች፤ መብትዎ ነው።»

«እስቲ እናቴ ትሙት በል!»

«እናቴ ትሙት።»

በማግስቱ ሁለታችንንም ፍርድ ቤት ወሰዱን። ባለቤታቸው ግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው አየናቸው። ያስገቡን ግን ችሎት ሳይሆን የዳኛው ቢሮ ነበር፤ ፖሊሱ በሩን ዘጋ።

«ቃልዎን ይስጡ» አሏቸው ዳኛው ሽማግሌውን።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ በሩ ይከፈትልኝ።»

«ቦታው ጠባብ ነው፣ አባት።»

«ከጠበበ ሣሩ ላይ እንቀመጥ። እኛ አገር ስንዳኝ ጣራ ኖሮን አያውቅም።»

ዳኛው ፈገግ ሊሉ ዳዳቸውና ተዉት። ወደ እኔ ዞሩና ብዕር ገፋ አደረጉልኝ፤ ቃሌን ሰጥቼ ከፈረምሁ በዋስ እንደምወጣ ነገሩኝ።

«ፈርም ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «የኔን ተወው።»

ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምሁ። «እኔም በሩ ሲከፈት እናገራለሁ» አልሁ።

ዳኛው ለሁለታችንም ሌላ ቀጠሮ ሰጡን። ፖሊሱ ሊያስወጣን በሩን ሲከፍተው ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆሙና ወደ ግቢው ጮኹ፦

«ያበላሁት እኔ ነኝ! ማንንም አልጠቆምሁም!»

ባለቤታቸው ከሣሩ ላይ ብድግ አሉ። ፖሊሱ ሽማግሌውን ገፍቶ አወጣቸው።

እኔ ከብዙ ሳምንት በኋላ ተፈታሁ፤ ዛሬም አዋጁን አስተምራለሁ። ሽማግሌውን ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደዋቸዋል፤ የተፈረደባቸውም በዝግ ችሎት ነው አሉ። በቀደም ባለቤታቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ ጎረቤቶቻቸው አጅበዋቸው ነበር።

«ስንት ፈረዱባቸው፣ ልጄ? ሕግ ያውቃል ብለውኛል» አሉኝ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ፍርዱን የሰማ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።