ከጎንደር እስከ ደባርቅ በአርባ አንድ ፎቶ

ከጎንደር ፒያሳ እስከ ዛሪማ ባለው መንገድ ላይ እኔ ያላነሳሁት ፊት ካለ፣ ባለቤቱ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ አንስቻለሁ። ሙሽራ አንስቻለሁ፣ ዲያቆን አንስቻለሁ፤ ጉርድ ፎቶ ያነሳኋቸው ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ሰልፉ ሱዳን ይገባል። ካሜራዬን ሲያዩ በቅሎዎች እንኳ ጆሯቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ምሕረት "ጋሼ፣ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ነገር ሠራሁ" ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ፎቶ በራሱ የሚነሳ ከሆነማ ወጡም በራሱ ይሠራ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕረት ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሏን ዘግታ የስሜንን ተራራ በኮምፒውተር ሠራችው፤ ገደሉን፣ ጅብራ የሚሉትን ረጅም ተክል፣ ጭላዳ ዝንጀሮውን ሳይቀር። ዓይን የሚጋርደውን ትልቅ መነጽር ያጠለቀ ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። እዚያ ውስጥ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ አምሳያ ይሰጠዋል፤ ፊቱ ግን የማንንም አይመስልም። እጁን ሲያነሳ አምሳያውም ያነሳል፣ ሲጎነበስም አብሮት ይጎነበሳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፎቶው ነው። ሰውየው ሲደነግጥ፣ ዞር ሲል፣ እጁን ሲዘረጋ ፕሮግራሙ "ይቺ ቅጽበት አትረሳም" ይልና ራሱ አምሳያውን ከነገደሉ አንስቶ ያስቀምጣል። ማንም ቁልፍ አይጫንም።

ደባርቅ ላይ ሎጅ ያላቸው ወይዘሮ እናኑ ይህን ሰምተው፣ "እስከ ገደሉ መራመድ ለማይችሉ እንግዶቼ ይሆናል። መጀመሪያ ግን የኛ ሰው አጥልቆት የተነሳውን ፎቶ አሳዪኝ" ብለዋታል። ከወደዱት ሥራ ይሰጧታል። ካልወደዱት ምሕረት ሰኞ አዲስ አበባ ገብታ በአንድ ቢሮ ስልክ ማንሳት ትጀምራለች። እናቷ ቁርጡን ነግራታለች፤ ሁለት ዓመት ይበቃል። ምሕረት ከወይዘሮ እናኑ ጋር ለመነጋገር ከኔ አንድ ቀን ቀድማ ደባርቅ ገባች። መነጽሩን ይዤ፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው እያስጠለቅኩ ፎቶውን ሰብስቤ እንድደርስ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ከኔ የተሻለ ማን አለ?

ጎንደር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከፒያሳ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። የደባርቅ ሚኒባስ ረዳት ቦርሳዬን በጥርጣሬ አየው።

"አባባ፣ ምንድን ነው የያዙት?"

"ስሜንን።"

"ሙሉውን? ታዲያ የዕቃ ይከፍሉበታላ!"

ገና ወንበሬን ሳልይዝ ምሕረት ደወለች። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ምንም አትበላቸው። ዝም ብለህ አስጠልቃቸውና ተዋቸው።"

"እሺ።"

"በእናትህ ጋሼ፣ ዝም!"

"እሺ አልኩሽ እኮ፣ ምነው!" አልኩና ዘጋሁ። የሃያ ስድስት ዓመት ባለሙያ ምክር ሲሰጠው የሚሰማው ለጨዋነት ብቻ ነው።

ኮሶዬ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል

የኮሶዬ ብርድ እንግዳ አያፍርም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ነው ጋቢ ውስጥ የሚገባው። እዚያ ወርጄ መንገድ ዳር ካለው የእትዬ ዘርፌ ምግብ ቤት ጎራ አልኩና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አዘዝኩ። ድንቹ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል ብል የሚያምነኝ የበላ ብቻ ነው። እንግዳው ሁሉ ቆላውን ቁልቁል የሚያሳየውን በረንዳ ይሻማል። እኔ ጓዳው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ጭሱ ይስማማኛል።

ከጎኔ መኪና የሚጠብቅ አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ ነበር፤ አያ ካሴ ይባላል። መነጽሩን ሳወጣ ዓይኑን ጣለበት።

"እሱን ምን ይሉታል?"

"ስሜንን ማያ ነው፣ አያ። ትሞክረዋለህ?"

"እኔ ገደል አፍ ላይ ተወልጄ ገደል አፍ ላይ ከብት ያገድሁ ሰው፣ ምኑን አየዋለሁ? ይልቅ አንተ ቅደምና እኛ አንተን እንይ።"

"እውነቱን ነው፣ አንተ ቅደም!" አለች እትዬ ዘርፌ ከጓዳ። "ዓይን የሚያጠፋ ቢሆንስ?"

አጠለቅኩት። ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር፤ ምስሉ ሸጋ ነው። ሣሩ እውነተኛ ሣር ይመስላል፤ እኔም ባለሙያ እንደመሆኔ ጎንበስ ብዬ በቅርበት መረመርኩት። ምርመራው ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

"ምነው? ምን ጠፍቶህ ነው መሬት የምትዳብስ?" የእትዬ ዘርፌ ድምፅ ነው።

"ጥራቱን እያየሁ ነው!"

"በጉልበትህ?"

"ጥራት እንዲህ ነው የሚታየው!"

መነጽሩን ሳወልቅ አንድ እጄ የጠረጴዛውን እግር፣ ሌላው የአያ ካሴን ቁርጭምጭሚት ጨብጦ ነበር። አያ ካሴ በትሕትና እግሩን አስለቀቀና "እንግዲህ ዓይንህ ካልጠፋ እኔም ልየው" አለ።

እዚህ ላይ ሙያዬን አሳየሁ። መነጽሩን ካስጠለቅኩት በኋላ "ቀጥ በል አያ! አገጭህን ከፍ! እንዳትንቀሳቀስ፣ ፎቶ ነው!" አልኩት።

የኛ ደገኛ ፎቶን ያከብራል። ፎቶ ከተባለ ጋቢውን ያደላድላል፣ ዱላውን ይተክላል፣ ትንፋሹን ይውጣል፤ አንሺው "በቃ" እስኪል ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታድር አያባርራትም። አያ ካሴም ምሰሶ ሆነ። "ምን ታያለህ?" ብዬ ብጠይቀው ከንፈሩን እንኳ አላነቃነቀም። የተነፈሰው መነጽሩን ሳወልቅለት ነው።

"ምነው ዝም አልከኝ፣ አያ?"

"ፎቶ ላይ ይወራል እንዴ? አንድ ጭላዳ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። እጄን ልሰድለት አማረኝ፤ አትንቀሳቀስ ስላልከኝ ተውኩት።"

"ጎሽ! እንዳንተ ያለ ሰው ነው የምፈልገው!" አልኩት።

እትዬ ዘርፌም ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ለመታወቂያ እንደምትነሳ ሆና ቆመች። እንዲያ ያለ አቋም በስቱዲዮዬ ውስጥም አይቼ አላውቅም። ከዚያ ስልኬን ሳይ ከመነጽሩ የመጣው ፎቶ አርባ አንድ ደርሷል። ወዲያው ደባርቅ ደወልኩ።

"ምሕረት! አርባ አንድ ፎቶ!"

"አርባ አንድ? በጠዋቱ? ጋሼ፣ አየሃቸው?"

"ሥራውን የሚተማመን ሰው ሥራውን አያይም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዳባት፣ አምስት ሰዓት

ከኮሶዬ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ ይሏቸዋል። ዳባት ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም ወርደን ሻይ ጠጣን። መንገዱን ሙሉ ስለ መነጽሩ ሳወራላቸው ስለመጣሁ "እስቲ ይህን ምትሐት አሳየኝ" አሉ።

"አንድ ነገር ብቻ የኔታ፣ አይንቀሳቀሱ።"

"ሥዕል መቼ ተንቀሳቅሶ ያውቃል፣ ልጄ?" ጥምጥማቸውን አቃኑ፣ መቋሚያቸውን ደረታቸው ላይ አስደገፉ፣ ከዚያ ጸጥ አሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ጸጥ አለ። አንዱ እንዲያውም ተሳለማቸው።

ሲጨርሱ ስልኬን አየሁ። አርባ አንድ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። "ሞልቶ ይሆናል" አልኩ በልቤ፤ እንደ ጤፍ ጆንያ።

ደባርቅ፣ ሰባት ሰዓት

የወይዘሮ እናኑ ሎጅ ሳሎን ግድግዳው በፎቶ ተሸፍኗል። ገሚሱ ደረታቸውን የነፉ እንግዶች ናቸው፤ ገሚሱ ከኔ የተገዛ የስሜን ገደል። ወይዘሮዋ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሳይነሱ ጨበጡኝ። ምሕረት ስልኬን ከእጄ መነጨቀች ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ፎቶ ተከፈተ፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ገደል አፋፍ ላይ በእጁና በጉልበቱ ይዳሃል። ሁለተኛው ላይ ይኸው ሰው ሣር በሁለት እጁ ጨብጧል። በዘጠነኛው በሆዱ ተኝቷል። በሃያኛው አንድ ጭላዳ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በሐዘኔታ ያየዋል። እስከ አርባ አንደኛው አንድ ሰው ነው። ከአያ ካሴ፣ ከእትዬ ዘርፌ፣ ከየኔታ አንድም የለም።

ምሕረት ወደኔ ዞረች። "አትንቀሳቀሱ ብለሃቸዋል" አለች በዝግታ።

ወይዘሮ እናኑ ግን ስልኩን ጠጋ አድርገው ያያሉ። "ይህ ማነው?"

ምላሴ ከኔ ቀድማ "አያ ካሴ የሚባል የኮሶዬ ገበሬ ነው" አለች።

"የኮሶዬ ገበሬ?" ቀና አሉ። "የኮሶዬ ገበሬ ገደል ፈርቶ ሲዳህ? እዚያ ላይ እኮ ቆሞ ነው እሸት የሚፈለፍለው! አይ፣ ይህ ዳህ ተብሎ የዳኸ ሰው ነው። አዘጋጅተህ ያነሳኸው ነው። የተዘጋጀ ፎቶማ ያውና፣ ግድግዳዬን ሞልቶታል። ልጄ፣ አዝናለሁ" አሉና ስልኩን ለምሕረት መለሱላት።

ምሕረት አልተከራከረችም። መነጽሩን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረች፤ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለለች፣ ዚፑን ሳበች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?" አሉ ወይዘሮ እናኑ።

"የሚዳኸው። አያ ካሴማ እንደ ዋርካ ነው የቆመው። እኔ ከፍታ እፈራለሁ።"

"አንተ? እነዚህን የግድግዳዬን ገደሎች ያነሳኻቸው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ከመኪና ሳልወርድ፣ በመስኮት።"

"ይሄኛውስ? ከአፋፉ ላይ ቁልቁል የተነሳው?"

"እሱን ሹፌሩ ነው ያነሳልኝ።"

ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያንን የጭላዳውን ፎቶ እንደገና አስከፈቱና እንባቸውን በነጠላቸው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ምሕረትም አፏን ይዛ ትስቃለች፤ እኔም ሌላ የምይዘው ስላልነበረኝ አብሬ ሳቅኩ።

"ምግብ ቤት ወለል ላይ ሆነህ እንዲህ ካደረገህ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው" አሉ። "አምጪው እስቲ፣ ልጄ።"

ምሕረት እያስጠለቀቻቸው ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። "ጋሼ፣ አንዲት ቃል!" አፌን በሁለት እጄ ከደንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

ወይዘሮ እናኑ መጀመሪያ የወንበራቸውን መደገፊያ ጨበጡ። ከዚያ "ውይ" አሉ። ከወንበራቸው ላይ ወደፊት ሰገግ አሉ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ። "ና… ና እንጂ፣ አትፍራ" ይላሉ ለማይታየን ነገር።

መነጽሩ ሲወልቅ ፎቶው ስልኩ ላይ ነበር። ነጠላ የለበሰች ሴት ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ ለጭላዳ እጇን ትዘረጋለች፤ ከኋላዋ ያ ሁሉ ጥልቀት ተዘርግቷል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ፎቶ አላነሳሁም።

"ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ እዚያ ቆሜ አላውቅም" አሉ። ፎቶውን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ "ሰኞ ነይና ጀምሪ" አሏት። "ይህን አሳጥበሽ አምጪልኝ። የአጎትሽንም።"

ጎንደር፣ በማግስቱ ስምንት ሰዓት

ምሕረት ክፍል ልትፈልግ ደባርቅ ቀረች። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። የወገራን ደጋ አቋርጠን ቁልቁል ወደ ከተማው ስንወርድ ስንት ሙሽራ "አትሳቂ፣ ጥርስሽ ይታያል" ብዬ እንዳስከፋሁ እያሰብኩ መጣሁ። ሰው ሊስቅ ሲል፣ እጁን ሊዘረጋ ሲል፣ ልክ ያን ጊዜ "አትንቀሳቀስ" እያልኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ከእንግዲህ ስቱዲዮዬ የሚገባ ሰው እንደፈለገ ይወራጭ። ከተማው ይህን ሲሰማ ሰልፉ አደባባዩን ይዘጋዋል ብዬ እጠብቃለሁ።

ወይዘሮ እናኑ ያልጠየቁኝ፣ እኔም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ቀርቷል። ቤታችን ውስጥ አምፑል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥታ የምትቀይረው ባለቤቴ ናት። እኔ ወንበሩን እይዛለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ።