ቺሃያ ደጅ የቆመች ዕለት

ቺሃያ ከጃፓን በመጣች በአራተኛው ቀን የድንኳኗን በር ከውስጥ በገመድ አሰረች። አሰረች ሲባል እንዲያው ሸብ አድርጋ እንዳይመስላችሁ፤ ጠፍራ ነው!

ምን ታድርግ፣ አይፈረድባትም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የኛን የሞንጎሊያን ሕፃናት መዝሙርና ጨዋታ ላስተምር ብላ በበጎ ፈቃድ የመጣች። ለማረፊያዋ በኖርጅማ ግቢ ክብ የሱፍ ድንኳን ተተከለላት። ኖርጅማ የሕፃናቱ ምግብ አብሳይ ናት። እንግዲህ በኛ ዘንድ ማን በር ያንኳኳል? አንዱ ቺሃያ ፀጉሯን ስትታጠብ ሰተት ብሎ ገብቶ ቁጭ ይላል። ሌላዋ ሻንጣዋን በርብራ “ይሄ ምንድነው? ይሄስ?” ትላለች። የኖርጅማ ባል ጎምቦ ደግሞ አልጋዋ ላይ ጋደም ብሎ አንኮራፋ አሉ። ሲነቃም ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ።

ልጅቷ ሦስት ቀን ፈገግ እያለች ቻለችው። በአራተኛው ገመዱን አሰረች፤ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም “ቅዳሜ ዱቄት የሚያመጣው መኪና ሲመጣ ተሳፍሬ እመለሳለሁ” አለች።

በማግሥቱ ማንም አልገባም። በሩን የነካ ሁሉ መታሰሩን አይቶ ተመለሰ። ወተት የሚያቀብላት የለ፣ ኩበት የሚያመጣላት የለ፤ እሳቷም ጠፋ። የተመኘችውን ጸጥታ አገኘችና ቁጭ ብላ አዳመጠችው። አገሯ ኦሳካ ከተማ ሳለች እሷንና ጎረቤቷን የሚለያቸው ግድግዳ ስንዝር አይሞላም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሉን ሰማች፤ ፊቱን ግን አንድ ቀን አላየችም። በኋላ ሳሉም ቀረ። ቤት ለውጦ ይሁን ሞቶ፣ ማንንም አልጠየቀችም። ያኔ ምንም አልመሰላትም። አሁን በዚህ ብርድ ሰውየው ትዝ አላት።

“ብሄድም አስቀይሜያቸው አልሄድም” አለችና ከምሳ በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ኖርጅማ ድንኳን ሄደች። እንደ አገሯ ልማድ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ “ግቢ” እስኪሏት ደጅ ቆመች። ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ።

ጎምቦ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። “የጃፓኗ ልጅ ናት። ቆማለች።”

“ትግባ እንጂ፣ ምን ይገትራታል?” አለች ኖርጅማ።

“አንገቷን ደፍታለች።”

የኖርጅማ እጅ ሊጡ ውስጥ ቀረ። ልጇ ቱሙር ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል፤ የመንደሩ አንድ ስልክ ደግሞ ያለው ልጅቷ ከምትውልበት ትምህርት ቤት ነው። ጤነኛ ወሬ የያዘ ሰው ደጅ ይቆማል?

“ሂድና ጠይቃት።”

“አንቺ ሂጂ!”

“ወንድ አይደለህም እንዴ?”

“ጉልበቴን ያዘኝ” አለ። ዓይኑን ግን ከስንጥቁ አላነሳም።

ኖርጅማ ማልቀስ ጀመረች።

ቺሃያ ለቅሶውን ከውጭ ሰማችው። ገብታ ምን ሆናችሁ ማለት አማራት፤ ሳይጠሩ መግባት ደግሞ እንዴት ይሆናል? ያንን ሳል ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈችበትን ዘመን አሰበች። ከዚያ በሩን ገፋችው።

“ልጄ ነው? ቱሙር ነው?” ብላ ኖርጅማ በሊጥ እጇ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

“ኧረ ማንም ምንም አልሆነም፣ እማማ! እኔ... እኔ በርዶኝ ነው!”

“በርዶሽ?”

“አዎ። እስክትጠሩኝ እየጠበቅኩ ነበር።”

ጎምቦ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። “ነፍሳችንን አውጥታ በርዶኝ ትላለች!”

ኖርጅማ እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች ተሳደበች። “አንቺ የተረገምሽ! ማን ይጠራሽ ኖሯል? የሠርግ ወረቀት እንላክልሽ?”

“እኔም ገመዱን እፈታለሁ” አለች ቺሃያ፣ በዚያች በተሰባበረች ሞንጎልኛዋ። “ስታጠብ ብቻ አትግቡብኝ።”

“ስትታጠቢ ዝፈኚ፤ እናውቅልሻለን።”

ቅዳሜ የዱቄቱ መኪና መጣ። ሾፌሩ ደጅ ሆኖ ጡሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ ቺሃያ አልወጣችም። ድንኳኗ ውስጥ አራት ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው ወሬ ይዘዋል።

“አንቺ፣ ሰውየው ይጠብቅሻል እኮ” አለቻት አንዷ።

“ምን ያስጠብቀዋል?” አለች ቺሃያ፣ ሻይ እየቀዳች። “ይግባና ይጠጣ።”