ዋይፋዩ የተነቀለበት ሳምንት

ከቤት የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይድ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። እናታችን ከደጅ አልፋ አልመጣችም፤ እኅቴ ዘይነባም ከእሷ ጋር ቀረች። ሰይድ ቦርሳዬን ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ። ብዙ የምንባባለው ያለ መስሎኝ ነበር። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ግን ስልኬን ተቀበለኝና ከራሱ ዳታ አገናኝቶ፣ ጅዳ ሆኜ በድምፅም በምስልም የምደውልበትን አፕ ማውረድ ጀመረ። አርባ ከመቶ ላይ ቆመ። ስልኩን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። «ና አንተ፣ ና!» ይለዋል፣ ጥጃ እንደሚጠራ። ወደ ጎብዬ የሚወስደኝ መኪና ሲመጣ ሰማንያ ሁለት ደርሶ ነበር።

«የቀረውን እዚያ ትጨርሰዋለህ» አለና ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። የተለያየነው እንዲያ ነው። አቅፌው ነበር ወይ? ሳላቅፈው አልቀረሁም መሰለኝ። አላስታውስም።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያልሄዳችሁበት ደግሞ ብነግራችሁም ትሄዳላችሁ። የአፋርን በረሃ በእግር፣ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን ደግሞ እንደሆነው አለፍን። ስልኬን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አስሬ ነበር፤ እኔ ረጥቤ እሱ ሳይረጥብ ጅዳ ገባሁ።

ጅዳ ይሞቃል። የቆቦም ሙቀት ሙቀት ነው፣ ግን የእኛው ደረቅ ነው፤ ጥላ ስር ከገባህ ይለቅሃል። የጅዳው እርጥብ ነው፤ ጥላም ውስጥ ተከትሎህ ይገባል። ምግቡ ሩዝ ነው፣ ነገም ሩዝ ነው። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የማሽላ ዱቄት አግኝቼ ገዛሁና አሸተትኩት። ማሽላ ነው፣ ግን የእኛ ማሳ አይሸትም።

ኢንተርኔቱ ግን፣ ወላሂ፣ ሌላ ነገር ነው። የተከራየንበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ነጭ ሞደም አለች። እዚያ ሰማንያ ሁለት ላይ የቀረው አፕ እዚህ «ቢስሚላህ» ብዬ ሳልጨርስ አለቀ። ለሰይድ ስነግረው አላመነኝም። ቆቦ በወረደ ቀን «እስኪ እንለካ» አለ። የሚለካ ነገር አለ፣ ቀስቱ እንደ መኪና ፍጥነት ይሽከረከራል። የእኔ ቀስት እስከ ጫፍ ሄደ። የእሱ ነቅነቅ አለና ተመለሰ።

«የእኛው ከሚሌ በግመል ነው የሚመጣ» አለኝ፣ ሳቀ። «ውሃ እያጠጡ ነው።»

ዋጋውንም አነጻጸርን። በምንዛሪ ካያችሁት የአገር ቤቱ ይረክሳል። በጉልበት ስትመዝኑት ግን እንዲህ ነው፤ እዚህ የወር ድርሻዬን ግማሽ ቀን ዕቃ ባወርድ እሸፍነዋለሁ። ሰይድ ጎብዬ ገበያ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ የሚያገኘው ለሳምንት ጥቅል ነው፤ ያም ለእኔ ብሎ። ደግሞ የእኛ መንደር ዞብል ተራራ ግርጌ ስለሆነች ዳታ የሚባል አይደርሳትም። ተራ ጥሪ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱም እየተቆራረጠ። ሰይድ መልእክቱን ቤት ይቀዳና ስልኩን ይዞ ወደ ቆቦ ይወርዳል፤ ከተማው መግቢያ ላይ ያጠራቀመው ሁሉ ወደ እኔ ይፈሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ የቆየ ድምፁ በአንዴ ይደርሰኛል። የዝናቡ፣ የበሬው፣ የሰርጉ።

አንድ ሰኞ ደወልኩለት። ድምፁ ቀጥኗል።

«አሞኛል። ወባ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። «አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ። በዚህ ይቆራረጣል፣ ቀድቼዋለሁ። ነገ ለሕክምና ቆቦ ስወርድ ይደርስሃል።»

«አሁን ንገረኝ፣ አያ።»

«አብሽር፣ ነገ ትሰማዋለህ።»

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ዋይፋዩ የለም። አብሮኝ የሚኖረው የዋጃው ያሲን ሞደሟን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያታል።

«ተቃጠለች» አለኝ።

«ጠዋት ደህና አልነበረች?»

«ሰውም እኮ ጠዋት ደህና ይሆናል» አለና ፊቱን አዞረ።

እኔ የራሴ ዳታ የለኝም። ለሲም ኢቃማ ይጠይቃሉ፣ ኢቃማ ደግሞ ለመኖሪያ የሚሰጥ ወረቀት ነው፣ እኔ የለኝም። በሰው ስም ያወጣሁት ሲም ለጥሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰይድ ድምፅ ደርሶ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ሆኖ ታየኝ። ወደ ቤቱ ባለቤት ወደ አቡ ሳሊም ወጣሁ።

«ነት ጠፋ።»

«ቡክራ» አለ፤ ነገ ማለቱ ነው።

ረቡዕ ሄድኩ። «ቡክራ።»

«ትናንትም ቡክራ ብለኸኛል።»

«የትናንቱ ቡክራ ዛሬ ነው፣ አልፏል። ይሄ አዲስ ነው።» ቆየና «ለምን ፈለግከው? ፍየሎችህን ልታይ?» አለ።

«ወንድሜን።»

 ገብቶ አንድ ሰሃን ተምር ይዞ ወጣ። «የዚህን ወር የነት አልቀበልህም» አለ። አቡ ሳሊም፣ የአምፖል መቀየሪያ ሳይቀር የሚያስከፍለን ሰው! ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ተምሩን እየበላሁ ወረድኩ።

ወደ ቤት ስደውል ዘይነባ አነሳች።

«ሰይድ እንዴት ነው?»

«እንድሪስ፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» አለች።

«እኔ እሰማሻለሁ።»

«አይሰማም አይሰማም» ብላ ዘጋችው። ከጀርባዋ የጥጃዋ ጩኸት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ያሲንን ዳታ ያለው ስልክ ከሰው ተዋስልኝ ብዬ ለመንኩት። «እስከ ዓርብ ቻል» አለኝ። ዓርብ ምን አለ? «ዓርብ ሠሪው ይመጣል።»

ዓርብ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ዘልዬ ከፈትኩ፤ ሞደሟ በእጄ ናት። በር ላይ የቆሙት ሀጂ አሊ ናቸው፤ የጎብዬ ሰው፣ ጅዳ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ የአገራችን ልጆች ሁሉ አባት። ከኋላቸው የሮቢቱም የዋጃውም የቆቦውም ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል። እኔ፣ አላህ ይየው፣ «ግቡ፣ ይቺ ናት፣ መብራቷ አልበራ አለ» ብዬ ሞደሟን ዘረጋሁላቸው።

ሀጂ አሊ ተቀበሉኝ። አስቀመጧት። እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበትን ነገር ማን አያውቅም? እኔም አወቅሁ። ግን አሁንም ሞደሟን እያየሁ ነበር።

ሰይድ የሞተው ማክሰኞ ማለዳ ነው። በቃሬዛ ወደ ቆቦ ሊያወርዱት ሲነሱ፣ ከግቢው ሳይወጣ። የዚያኑ ቀን ተቀበረ። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው፣ ያውም በስልክ፣ አይነገርም ብለው፣ ሰው ከሥራ የሚያርፍበትን ዓርብ ጠበቁ። የመንደር ልጆች በፌስቡክ ፎቶውን ለጥፈው «አላህ ይርሐመው» ማለት ሲጀምሩ፣ ያሲን ሰው እንደሞተብኝ ለአቡ ሳሊም ነግሮ፣ እኔ ከሥራ ሳልመለስ የሞደሟን ገመድ ነቀለው። አራት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር ነበር። አውጥቶ እግሬ ስር አስቀመጠው።

«ይቅር በለኝ» አለ። «ፈጣን ነው እኮ። ከእኛ ይቀድመን ነበር።»

አልተቆጣሁትም። እነሱ ባይቀድሙ ብቻዬን ሆኜ በስልክ መስታወት ላይ አነበው ነበር።

ከተሰናበቱኝ በኋላ ገመዱን ሰካሁት። አራት ቀን በአንዴ መጣ። የቀብሩ ምስል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ማጽናኛ፣ የመስጊዱ ሰልፍ። የሰይድ ድምፅ ግን የለም። ለካ ከስልኩ አልወጣም። ስልኩ ቆቦ አልወረደማ። ዘይነባ ነገረችኝ፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው፣ ጎኑ ላይ የሰዓት ምልክት አለ፣ መላክ እየጠበቀ ነው። እሷ ድምፁን መስማት አልቻለችም፤ ሲከፈት ከቤት ትወጣለች። የሰማችው እናቴ ብቻ ናት።

«ታዲያ ስልኩን ይዘሽ ቆቦ ውረጂ፣ ራሱ ይላካል» አልኳት።

«እማ አትሰጠኝም። ከጉያዋ አታወጣውም።»

እናቴን አቅርቢልኝ አልኩ።

«እማ፣ ለዘይነባ ስጫት። ወደ እኔ ይላክ።»

«ከተላከ ይሄዳል።»

«አይሄድም፣ እዚያም ይቀራል፣ እዚህም ይመጣል።»

«አንተንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለች። «ከዚህ ቤት የተላከ መቼ ቀረልኝ? እዚሁ አሰማሃለሁ፣ ጆሮህን ስጥ።»

የሰይድን ስልክ ከምታናግረኝ ስልክ ጋር አጋጠመችው። ተራው ጥሪ፣ ያ የሚቆራረጠው። ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ «እንድሪስ» አለ። ሰይድ ነው፣ የሰኞው ድምፁ። «ስማኝ፣ እኔ ምናልባት...» ከዚያ ጠፋ። «...እማን...» ጠፋ። «...እንዳትረሳ» አለ መሰለኝ፣ ወይም «እንዳትመጣ»፣ ወይም ሌላ ነው። ከዚያ ጭርር የሚል ነገር ብቻ። እኔ በሩን ዘጋሁ፣ መስኮት ላይ ወጣሁ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። እዚህ የሞደሟ አራቱም መብራት በርቷል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ፍጥነቱ የእኔ ዳር ብቻ ነው።

አለቀ። እናቴ ታለቅሳለች።

«ሰማኸው?»

ድገሚልኝ ማለት ነበረብኝ። አንዴ ማሰማቱ እንዴት እንደሆነባት በትንፋሿ ሰማሁና አፌ እምቢ አለ።

«ሰማሁት፣ እማ።»

«እንዳለህ ታደርጋለህ?»

«አደርጋለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«አላህ ይርዳህ» አለች፣ ልቧ ሲያርፍ ታወቀኝ። ያንን መልሼ መውሰድ አልችልም።

ይኸው ወራት አለፉ። ስልኩ አሁንም ጉያዋ ውስጥ ነው፣ በሶላር ቻርጅ ታደርገዋለች ትለኛለች ዘይነባ። ባለፈው ጁምዓ ደወልኩ። ማሳው እንዴት ነው አልኩ፣ ዝናቡ እንዴት ነው አልኩ። ሁሉንም መለሰችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ነገር ጀመርከው?» አለችኝ።

«እየጀመርኩ ነው፣ እማ» አልኳት።