የእህቴ ፊትና የእኔ ኸልጣ

ካርቱም ገና ሰላም ሳለች ሳጃና ሰፈር ውስጥ ሁለት ወንበር ያላት የሹሩባ ቤት ነበረችኝ። ሥራዬ ጠጉር መሥራት ነው፤ ስም ያወጣልኝ ግን ኸልጣዬ ነበር። ኸልጣ የተቀየጠ የፊት ቅባት ነው። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ሦስት ዓይነት ቱቦ እገዛለሁ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እጨምቃቸዋለሁ፣ በማንኪያ እመታቸዋለሁ። አንደኛው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሁለቱን የማውቃቸው በክዳናቸው ቀለም ነው። ከዚህ በላይ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ታናሽ እህቴ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። የቤቱ ልጅ ስትዳር ለአርባ ቀን ሲያሿትና በጢስ ሲያጥኗት አይታለች። የራሷ ሠርግ ሲቆረጥ መጥታ፣ "እኔም እንደሷ ልጥራ" አለችኝ። እጮኛዋ አገር ቤት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ልትሄድለት። እህት አይደለሁ? ትልቁን ብልቃጥ ሞላሁላት።

ጠራች። ስድስት ወር ሙሉ ያየ ሁሉ "አማረብሽ" አላት፤ ለኸልጣዬ ከሷ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረኝም። ከዚያ ጉንጯ ሳሳና ደም ሥሮቿ ይታዩ ጀመር። ምድጃ ፊት ስትቆም ፊቷ ይቀላል። አገጯ ላይ ጢም የሚመስል ጠጉር በቀለ። "እንዲህ ሆኜ ነው የምዳረው?" ብላ አለቀሰች። ስለ ቅባቱ ማሰብ አልፈለግሁምና ዓይነ ጥላ ነው አልኳት።

ዓይነ ጥላ ከሆነ መድኃኒቱ ጸበል ነው። ጸበል ደግሞ ከቅባት ጋር አይሆንም ብዬ ቅባቱን በአንድ ቀን አስጣልኳት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ፣ እንደ በርበሬ ቀላ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉት እናቶች "ይኸው፣ እየለቀቃት ነው!" ብለው እልል አሉ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ጋኔን ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ አይደለሁም፤ ጋኔን ደግሞ ሲወነጀል መልስ አይሰጥም።

በሁለተኛው ሳምንት እልልታው ሰለቻት። ቄሱ ራሳቸው ፊቷን አይተው ደነገጡ። "ልጄ፣ ሐኪምም የፈጣሪ ነው፤ ጸበሉን ሳትተዪ እሱንም ሞክሪ" አሏት።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ነች። የእህቴ ዐረብኛ የኩሽና ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ዶክቶራዋ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች፣ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችን፣ ከዚያ ማስረዳት ጀመረች።

"የቆዳ ሴሎች እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። አንዱ ሲጎዳ ለጎረቤቱ ይልካል፤ ጎረቤቱ ተቀብሎ ወደ ውስጡ ያስተላልፋል፤ ደም ይመጣል፣ ጥገና ይጀመራል። ቀለም የሚሠሩት ሴሎችም 'ቀለም ሥሩ' የሚባሉት በመልእክት ነው። እዚህ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ሳይኖር አይቀርም፤ እሱ መልእክቱን ያፍናል። ፊቷ ያማረው ጤና አግኝቶ አልነበረም፣ ዝም ተሰኝቶ ነው። 'ቆዳውን አድሱ' የሚለው መልእክትም አብሮ ስለታፈነ ቆዳዋ ሳሳ። በድንገት ስትተዉት ደግሞ የታፈኑት ሁሉ ባንዴ ጮኹ።"

ተረጎምኩ። ሴልን ሴል ብዬ አለፍኩት። "ጮኹ" ስል እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ጋኔኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተ፤ ከልቤ አዘንኩለት።

"ለሠርጌ ይድናል?" አለች እህቴ።

"ይድናል፣ ኢንሻላህ፤ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ለፋሲካ አይደርስም። የሳሳው ቦታ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል።"

ይህንንም ተረጎምኩ። እህቴ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ማን ነው የቀየጠልሽ?" አለቻት ዶክቶራዋ።

እህቴ ወደ እኔ ሳትዞር በአማርኛ፣ "ሱቅ ዐረቢ ያለች አንዲት ሴት ናት በያት" አለችኝ።

እንዳለችኝ አልኩ።

"ሁለተኛ እዚያች ሴት ዘንድ ድርሽ እንዳትል ንገሪያት።"

ነገርኳት። "ታማም፣ እሺ" አለች እህቴ።

"ሴትዮዋ እኔ ነኝ" አልኩ በዐረብኛ።

ዶክቶራዋ አልተቆጣችም። መብራቱን ወደ ፊቴ አዞረችና ጉንጬን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየች።

"ያንቺ ቆዳ ጤነኛ ነው። አንቺ አትቀቢውም?"

"አልቀባም።"

"ለምን?"

"ገና መሸጥ ሳልጀምር ሞክሬው አቃጠለኝ፤ ታጠብኩት።"

"አቃጠለኝ"ና "ታጠብኩት" የኩሽና ዐረብኛ ናቸው፤ ይህን ተርጉሚልኝ ብላ እህቴ አልጠየቀችኝም።