ሦስተኛው ሽማግሌ የት ቀረ?

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጣሁ። ዕድሜዬን በወረዳው መዝገብ ቤት ስሠራ ቤቴን የማውቀው ማታ ማታና እሑድ ነበር፤ ቀን ቀን የባለቤቴ ግዛት መሆኑን ማን ነገረኝ? ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ስቀመጥ እህል የሚሰጣው እዚያ ነው፣ ተነስ። መደብ ላይ ጋደም ስል መደቡ ሊለቀለቅ ነው፣ ተነስ። ወደ ጓሮ ስዞር ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ይሄ ደግሞ ማነው እያሉ የሚያዩኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ባለቤቴ ምርር ብሏት፣ መንግሥት ለጡረተኛም ቢሮ ቢሠራ ምን ነበረበት አለች። እውነቷን ነው።

ከሁሉ የከፋኝ ግን የሚፈልገኝ ሰው መጥፋቱ ነው። ትናንት ፋይሌን ይፈልጉልኝ እያለ ከአሸተን ማርያም ድረስ ወርዶ ደጅ ይጠናኝ የነበረ ገበሬ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጅ ነስቶ እብስ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ከተማው ሆቴል በሆቴል ሆኖ ሁሉም ፈረንጅ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ብቻ ከዘራዬን ይዤ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እወጣለሁ፣ የት እንደዋልኩ ሳላውቅ እመለሳለሁ። ሆድ ይብሳል፣ አልዋሽም።

ታዲያ ጥቅምት ላይ፣ ለጥር ሠርግ ያሰበ ሁሉ ሽማግሌ በሚልክበት ወቅት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው በሬን አንኳኳ። መጀመሪያ የመጣው የሰፈራችን የእድር ዳኛ ነው። ለእህቱ ልጅ ሚስት ሊጠይቅለት ኖሯል። እሱ አንድ፣ አንድ ቄስ፣ ሦስተኛው እኔ እንድሆን ለመነኝ። ልጁ አስጎብኚ መሆኑን ነገረኝ፤ የምትጠየቀዋ የማን ልጅ እንደሆነች ግን ትንፍሽ አላለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ እምቢ ከተባለ ወሬው አገር እንዳያዳርስ የምትሄድበትን ቤት የሚነግሩህ መንገድ ከጀመርክ በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ታች ሰፈር ወይራው ሥር እንገናኝ ብሎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ አብሮ አደጌ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴት ልጁን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጡበታል። ወንድም የለውምና አጠገቡ ተቀምጬ እንድመክረው ፈለገ። ጠያቂው ማነው ብለው አስጎብኚ ነው አለኝ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ያልሆነ ጎረምሳ የት አለና ልጠርጥር? ወዳጄ ከፈረንጅ ኋላ ለሚዞር ልጅ ልቡ አልወደደም፤ እሱ ያሰበላት አንድ የኮን ከተማ እህል ነጋዴ ነው። ልጅቷ ግን አልቅሳ እግሩ ላይ ስለወደቀች ሽማግሌዎቹን ልስማቸው ብሏል።

ሁለቱንም እሺ አልኩ። እንዴት እምቢ ልበል? ስንት ጊዜ ማንም ያላንኳኳው በር! የወዳጄ እንግዶች ቶሎ መጥተው እንደ ወጉ ሄዳችሁ ተመለሱ ይባላሉ፣ እኔም ከዚያ ወደ ወይራው እወርዳለሁ ብዬ አሰላሁ።

እሑድ ከወዳጄ አጠገብ ተሰየምኩ። አዲስ ጋቢውን ለብሶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ማንም የለም። እኔ ደግሞ ወይራው ሥር ቆመው የሚጠብቁኝን ሁለቱን ሽማግሌዎች እያሰብኩ መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ። ያኔ ሞባይል ወደኛ ገና አልደረሰ፣ ምን ብዬ ልላክባቸው? ብድግ ስል ወዳጄ ጋቢዬን ይዞ ያስቀምጠኛል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ፊቱ ጠቆረ። ንቀውኝ ነው፣ ካሁን በኋላ ቢመጡም በሬን አልከፍትም፣ ነገውኑ ለኮኑ ነጋዴ ቃሌን እሰጣለሁ አለ። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። እኔም ከልቤ ተናድጄ፣ እነዚህ ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው፣ ሰው አክብሮ ሲጠብቃቸው አልኩ።

ልጅቷ ጠላ ልትቀዳልን ወጣች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ከጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። ልትጠርገው ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣

«ጋሼ፣ ልጁ አሁን በጓሮ መልእክት ልኮብኝ ነው፤ ወይራው ሥር ያሉት የእኛ ሽማግሌዎች ናቸው። እርስዎን ነው የሚጠብቁት» አለችኝ።

ትንሽ ጊዜ ምንም አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ሳይሟላ የሰው ደጅ አይረግጥም። እነሱ እዚያ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እዚህ እነሱን እጠብቃለሁ፣ በመሀል የልጅቷ ዕድል ለኮን ሊሸጥ ነው። ደጅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁና ቁልቁል ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜ ሩጫ! ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሦስተኛው ሽማግሌ የት ቀረ እያሉ ነበር፤ የእድር ዳኛውማ ሊሰድበኝ አፉን ከፍቷል። ኋላ እነግራችኋለሁ ብዬ እየጎተትኩ አመጣኋቸው።

ወዳጄ በሩን አልከፍትም ያለውን ረስቶ ከፈተ። ሦስታችን ከዘራና መቋሚያችንን ተደግፈን ቆመናል፤ ሽማግሌ ደግ ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። ወዳጄ እኔን አየ፣ ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ቄሱ የመጣንበትን ተናግረው ጨረሱ።

«ከዘመድ ልምከርበት እንዳልል፣ የምመክረው ሰው ከእናንተ ጋር ቆሟል» አለ በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ንገረኝ፤ አንተ ብትሆን ትሰጣለህ?»

ጠያቂ ሆኜ ልመልስ ወይስ መካሪ? ቄሱን አየሁ፣ እሳቸውም ግራ ገብቷቸዋል። ጋቢዬ ላይ የፈሰሰው ጠላ ገና አልደረቀም።

«እሰጣለሁ» አልኩት። «ይኸው፣ እጇ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ጋቢዬን እይ።»

ጋቢዬን ብዙ አየው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና፣ እንግዲያው ግቡና ተቀመጡ አለ። ከመጋረጃው ኋላ እልልታ ተጀምሮ መሀል ላይ ተዋጠ።

ቄሱና የእድር ዳኛው ለእንግዳ የተዘጋጀው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከወዳጄ ጎን የለቀቅኩት ወንበር ባዶ እንደሆነ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ብቀመጥ ወዳጄ ይቀየመኛል፤ ከወዳጄ ጎን ብቀመጥ ሽማግሌው ወገኑን ከዳ ይባላል። ከዘራዬን ይዤ መሀል ቤት ተገተርኩ። ልክ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ ተነስ የሚለኝ ብቻ ነበር የቀረው።

ልጅቷ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ከጓዳ ትንሽ የእንጨት ዱካ ይዛ ወጣች። ከአግዳሚውና ከወንበሩ መሀል አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽም አልተነሳሁም።